አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ቤት

አቶ ሚኪያስ ከመምጣታቸው በፊት የሶልያና ቤት እንዲህ ነበር። የሳሎኑ ሙቀት ሃያ አንድ ዲግሪ ላይ ቆሞ ቀንም ሌትም አይነቃነቅም። ውጭ የደብረ ብርሃን ንፋስ የመስኮቱን ጠርዝ እየፈተሸ ሲያልፍ፣ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሠላሳ አንድ ዴሲቤል ነበር፤ ሰው ከጎን ቀስ ብሎ ሲያንሾካሹክ ከሚሰማው አይበልጥም። ገመድ፣ ሶኬት፣ የተንጠለጠለ ልብስ የሚባል ነገር ለዓይን አይታይም። አንሶላው ነጭ ነው፤ ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ታጥፎ ፍራሹ ሥር ገብቷል። ነጠላ ጫማዎቹ አልጋው ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙረው ይጠብቃሉ። አንድ ፎጣ ከተነካ፣ የነካው ሰው ወጥቶ እስኪመለስ ፎጣው ደርቆና ተጣጥፎ ቦታው ላይ ይገኛል።

ቤቱን ያሰበችውና ያሠራችው ሶልያና ራሷ ናት። እንጀራዋ መለኪያን መለካት ነው፤ የገበያ ሚዛን፣ የሐኪም ቤት ቴርሞሜትር፣ የውሃ ቆጣሪ ልክ መሆን አለመሆኑን አይታ ማኅተም ታደርጋለች። ቤቷንም ያየችው በዚያው ዓይን ነበር። የግድግዳውን ቀለም ናሙና በጠዋት ብርሃን አየችው፣ በቀትር አየችው፣ መብራት ሲበራ ደግሞ አየችው። ባሏ ያፌት «ነጭ ያው ነጭ ነው» ብሎ ሲቀልድባት፣ የተለያዩ ነጮችን ግድግዳው ላይ ደርድራ አስመረጠችው። እሱም ከብዙ ማመንታት በኋላ አንዱን መረጠ፤ በማግስቱ ግን የትኛው እንደነበር ለይቶ ማሳየት አልቻለም።

በ2071 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አልነበረም። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች በሙሉ የትልቅ ሆቴልን ወግ ይዘው ነው የሚሠሩት። እያንዳንዱ ቤት አስተናጋጅ አለው፤ የማይታይ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ። አስተናጋጁ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። እሺ ካሉት ያቀርባል፤ አይ ካሉት «እሺ» ብሎ ይተዋል፣ ሰውዬው ያንን ነገር እንደማይወድም ይይዛል። ደግሞ መጠየቅ እንደ ንዝንዝ ይቆጠራል። ከጊዜ በኋላ ሰዎችም ጠባዩን ከቤታቸው ወረሱት። እንግዳ ውሃ ይፈልግ እንደሆነ አንዴ ይጠየቃል፤ አይ ካለ በቃ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ እስቲ ለእኔ ስትል የሚሉ ቃላት ከሽማግሌ አፍ ካልሆነ መሰማታቸው ቀርቶ ነበር። ሶልያናም ይህን ወዳዋለች። ማንም ማንንም አይጫንም፤ ቤቱ ዝም ይላል።

አባቷ አቶ ሚኪያስ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው። ሾፌር የሚባል ሥራ ከመንገድ እስኪነሳ ድረስ በአዲስ አበባና በወልዲያ መካከል አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ወልዲያ ብቻቸውን ነበሩ። ባለፈው ክረምት ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ጎረቤት ድምፃቸውን ሰምቶ እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ቀን ዝናብ ላይ ተኝተዋል። ሶልያና ከዚያ ወዲያ አልቆመችም። በስልክ ለመነች፣ ሰው ላከች፣ በመጨረሻ ራሷ ሄደች። እሳቸውም እስከ ገና ድረስ ሊያዩት ተስማሙ። ካልተስማማቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ወደ ቤታቸው ማለት ወደዚያው ሰው ወደማይሰማበት ግቢ ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ ማንም ግን አላነሳውም።

ቤቷን ስታሳምር በልቧ የነበረው እሳቸው ናቸው ቢባል ስህተት አይሆንም። ልጅ ሳለች ትምህርት ሲዘጋ አባቷ አውቶቡሱ ላይ ከጎናቸው አስቀምጠው ይዘዋት ይሄዱ ነበር። የሚያድሩት በየከተማው አልቤርጎ ነው፤ አምፖሉ የሚርገበገብ፣ በሩ በወንበር ተደግፎ የሚዘጋ። በመንገድ ላይ ደጋግመው የሚያወሩላት ግን ስለ አንድ ሌላ ሆቴል ነው። አንድ ጊዜ እንግዶችን ሐይቅ ዳር ወዳለ ትልቅ ሆቴል አድርሰው፣ ተሳፋሪዎቹ እስኪወጡ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ጠብቀዋል። ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ ድምፅ የለም፣ ማንም ተነስ አላላቸውም። «ሰው እዚያ ውስጥ አይራመድም ሶሊ፤ ይንሳፈፋል» ይሏት ነበር። እሷም ምንጣፉንና ዝምታውን ይዛ አደገች።

በጥቅምት መጀመሪያ መጡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው እንደያዙ ገቡ፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ ፈልገው አጡ። ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። ሶልያና በሥራዋ ልማድ ከራስ እስከ እግር አየቻቸው፤ ቀጭን ናቸው፣ ቀበቷቸው ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ታስሯል።

«እንኳን ደህና መጡ አቶ ሚኪያስ። ሻይ ላቅርብልዎ?» አለ ቤቱ።

«ኧረ ምን በወጣህ፣ አትቸገር» አሉ ለጣሪያው ፈገግ ብለው።

«እሺ» አለ ቤቱ።

ሻዩ አልመጣም። ሶልያና ሻንጣቸውን ወደ ክፍላቸው እየወሰደች ስለነበር አላስተዋለችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰላም አለፈ። ሶልያናና ያፌት ጠዋት ወጥተው አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። ራት አብረው ይበላሉ፤ ሳህኑ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ምርጫው ተሞልቶ ይመጣል። አቶ ሚኪያስ የቀረበላቸውን ጨርሰው ያመሰግናሉ፤ አውርተው፣ ዜና ሰምተው በጊዜ ይተኛሉ። በወሩ መጨረሻ ከቤቱ የደረሳት መልእክት የእንግዳዋ እርካታ ዘጠና ስምንት ከመቶ መሆኑን ይናገር ነበር። ቅሬታ አንድም የለም፤ የሚመልሱት ሁሉ በምስጋና ነው። ለያፌት አሳየችው።

«ከእኔ ይበልጣል» አለ።

«አንተማ ታጉረመርማለህ።»

ኅዳር ላይ ውርጩ ገባ። አንድ ጠዋት አቶ ሚኪያስ ቁርስ ላይ የድሮ የሾፌርነት ጃኬታቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ጉንጯን ሲስሟት እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። የክፍላቸውን ሙቀት አየች፤ አሥራ ስድስት ዲግሪ ይላል። መለኪያው ተበላሽቷል ብላ ከመሥሪያ ቤቷ የማመሳከሪያ ቴርሞሜትር አምጥታ አልጋቸው አጠገብ አኖረች። እሱም አሥራ ስድስት አለ። መለኪያው ልክ ነበር፤ ይህ የባሰ አሳሰባት። ቤቱን ለምን ብላ ጠየቀች። አቶ ሚኪያስ ተጨማሪ ሙቀት እንዳልፈለጉ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስም እንዳልፈለጉ ቤቱ በትሕትና ነገራት። አባቷን ጠየቀች። ደህና እንደሆኑ፣ ለእሳቸው ተብሎ ማንም እንዳይቸገር ነገሯት። ሁለቱ የነገሯት አንድ ዓይነት ነበር፤ ሊዋሹ የተማከሩ እንኳ እንዲህ አይገጥምላቸውም።

ለመውጣት ስትነሳ ቀበቷቸውን አየች። ከመጨረሻው ቀዳዳ ወዲያ በሚስማር የተበሳ፣ ጠርዙ የሻከረ አዲስ ቀዳዳ ነበረው።

በማግስቱ ከቤት ሆና እንደምትሠራ ተናግራ ቀረች። ሶፋው ጥግ ላይ ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው፤ ሳይነኩ ማየት።

በምሳ ሰዓት ቤቱ ጠየቀ።

«አቶ ሚኪያስ፣ የምስር ሾርባ ላቅርብልዎ?»

«ኧረ ጠግቤያለሁ፤ ይቅርብህ ልጄ።»

«እሺ።»

አቶ ሚኪያስ ጃኬታቸውን አስተካከሉ። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረጉ፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ፊታቸውን ወደ ኩሽናው አዞሩ። ከንፈራቸው ዳር ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበር፤ ገና ሊለመን የተሰናዳ ሰው ፈገግታ። ጠበቁ። ኩሽናው ዝም አለ። ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰቡና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሶልያና ያንን ፊት ታውቀዋለች። በልጅነቷ በመንገድ ላይ በገቡበት ቤት ሁሉ አይታዋለች። ባለቤቲቱ ብሉ ትላለች፣ እሳቸው ጠግቤያለሁ ይላሉ። ደግማ ትላለች፣ ኧረ ተይ ይላሉ። በሦስተኛው «እንግዲህ ካልሽ» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ሲግደረደሩ ነበር የከረሙት። ቃሉ ራሱ ካፏ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

ተነስታ ኩሽና ገባች። ቤቱ ላግዝሽ አላት፤ አይ አለችው። ሾርባውን በእጇ ቀድታ አመጣች።

«አባዬ፣ ትንሽ ሾርባ።»

«ኧረ ተይኝ፣ ቁርሴ እንኳ ገና አልወረደልኝም።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ሞቅ ብሎ ነበር።

«በሞቴ።»

«እንግዲህ በሞቴ ካልሽ ምን ይደረጋል። አምጪው።»

ሳህኑን ጨረሱት። ሁለተኛውንም እንደዚያው አስለምነው ጨረሱት። ሶልያና አጠገባቸው ተቀምጣ የሚገባውን ማንኪያ ሁሉ ስታይ ቆየች።

«ርቦህ ነበር?»

«ምን ርሃብ አለ» አሉና ማንኪያውን አስቀመጡ። «ይህ የቤትሽ ሰውዬ ጨዋ ነው፤ አላማውም። ግን አንዴ ይልና ዘወር ነው። መጀመሪያ ሰሞን አያውቅበትም ብዬ ተውኩት። ኋላ ሳህኑን አሳነሰ። ወንበሬን ከፀሐዩ አራቀው። ክፍሉንም አቀዘቀዘው። እኔ ስንት ሰው ቤት አድሬ አውቃለሁ ልጄ፤ ይበቃሃል የሚሉት እንዴት እንደሆነ አይጠፋኝም።»

ሶልያና ወደ ክፍላቸው ሄዳ በሩን ከፈተች። ሻንጣቸው ተዘግቶ አልጋው እግር ሥር ቆሟል። ስትመለስ ምንም ሳትጠይቃቸው፣ የቅዳሜውን የወልዲያ አውቶቡስ ሊሳፈሩ እንዳሰቡ፣ ለእሷ የሚነግሩበት አፍ አጥተው እንደቆዩ ነገሯት።

«የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ እኮ አባዬ። ማን ሂድ አለህ?»

«አንቺማ አንቺ ነሽ። የሚያስተናግደኝ ግን እሱ ነው።»

ይህን ሁሉ ለእሳቸው ብላ እንደሠራችው ነገረቻቸው። ምንጣፉን፣ ዝምታውን፣ ሐይቅ ዳር የነበረውን ሆቴል አነሳችባቸው። አቶ ሚኪያስ ግንባራቸውን አከኩ።

«ምንጣፉማ ደግ ምንጣፍ ነበር። እኔ እኮ ያን ቀን ጥግ ላይ ተሸጉጬ፣ አሁን ያስነሱኛል፣ አሁን ያስነሱኛል ስል አንድ አስተናጋጅ መጣ። ሻይ ጠጣ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩ። ሄዶ ተመለሰና ደግሞ አለኝ። በሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ‹ጋሼ፣ መንገድ ላይ ነዎት፣ ይጠጡ› ብሎ ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲያ ነው ተዘርግቼ የተቀመጥኩት። ይህንንስ አልነገርኩሽም?»

ነግረዋታል። ብዙ ጊዜ ነግረዋታል። እሷ ግን ሁልጊዜ ታሪኩ ምንጣፉ ላይ ያለቀ ይመስላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስተናጋጆቹን ወደሚያቀርበው ድርጅት ደወለች። የመለሰችላት ሴት ትሑት ነበረች። ሁለተኛ ጥያቄ ደንበኛን መጫን ስለሆነ ደንቡ እንደማይፈቅድ፣ ከፈለገች ግን እንግዳዋን እሺ እንዲሉ ማለማመድ እንደምትችል ነገረቻት። ሶልያና ሞከረችው። አመሻሽ ላይ ቤቱ ሻይ ሲጠይቅ አባቷን በዓይኗ አበረታታቻቸው። አቶ ሚኪያስ አፋቸውን ከፈቱ፣ ፊታቸው ቀላ።

«ካላስቸገረህ…» አሉ።

«አዎ ብዬ ልያዘው ወይስ አይ?» አለ ቤቱ።

«ኧረ ተወው» አሉ።

ሳይጠይቅ እንዲያቀርብ አዘዘችው። አቶ ሚኪያስ ሳህኑን በሁለት ጣት ገፋ አድርገው፣ ሳይጠይቁ ፊት ለፊት መዘርገፍ ለከብት እንደሆነ ተናገሩ። እሷ ቤት ስትሆን ራሷ ትለምናቸዋለች፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት። ያፌት ደግሞ ለመለመን ሲሞክር «በሞቴ» በማለት ፈንታ «በሞትዎ» ብሎ፣ ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። እንዲበሉ ማድረጉ ግን አልሆነለትም።

መፍትሔው የመጣላት በማግስቱ፣ ሥራ ላይ፣ በአንድ ገበያ ያሉ ሦስት ሚዛኖችን ስትፈትሽ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ነው የምታየው፤ አንዱ ያለውን ለሌላው አይነግረውም። ደንቡ አንድ አስተናጋጅ አንድ ጊዜ ይጠይቃል ይላል። አንድ ቤት አንድ አስተናጋጅ ብቻ ይኑረው ግን አይልም። በትልልቅ ሆቴሎች ለየክፍሉ የራሱ አስተናጋጅ ይመደባል። ድርጅቱን ደግማ ደወለችና ቤቷን እንደ ሆቴል በክፍል እንዲከፍሉላት ጠየቀች፤ ሳሎኑ ለብቻ፣ ኩሽናው ለብቻ፣ የአባቷ ክፍል ለብቻ። አንዱ የሰማውን እምቢታ ለሌላው እንዳይናገር አደራ አለች። ትሑቷ ሴት ተቃውሞ አልነበራትም። የድምፅ ምርጫ ብቻ ጠየቀቻት።

ዓርብ ምሳ ላይ ሶልያና ቀድማ መጣች። ሻንጣው አሁንም ተዘግቶ እንደቆመ ነው። ሳሎኑ በለመደው ወጣት ድምፅ ሾርባ ያቅርብ እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ሚኪያስ ይቅርብህ አሉት። እሺ አለ። እጃቸውን ከጠረጴዛው ሊያነሱ ሲሉ ከኩሽናው የሴት ድምፅ መጣ።

«አቶ ሚኪያስ፣ ሾርባው ትኩስ ነው፤ ላምጣልዎ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፤ ጠግቤያለሁ አልኩ እኮ።»

«እሺ» አለች ሴትዮዋ።

እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ከክፍላቸው በኩል የሽማግሌ ድምፅ፣ ጎርነን ያለ፣ በተራው ጠየቀ።

«አቶ ሚኪያስ፣ ትንሽም ብትሆን?»

አቶ ሚኪያስ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ወደ ክፍላቸው በር ዞሩ።

«ይሄስ ሰው ነው» አሉ። «እንግዲህ ካላችሁ አምጡት።»

ሲበሉ ቆይተው፣ ማንኪያውን እንደያዙ፣ ያስጠናቻቸው እሷ እንደሆነች ጠየቋት። እሷ መሆኗን አልካደችም። «ጎበዝ» አሉ። «ያ የመጀመሪያው ግን ገና ልጅ ነው፤ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። አንድ እንደሱ ያለ ረዳት ነበረኝ፤ ተሳፋሪ አልሄድም ካለው ትቶት የሚሄድ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱንም ረዳቶቼ ይሏቸዋል። ለማሞቂያው ሦስት፣ ለብርድ ልብሱ ሦስት፣ ፀሐይ ዳር ላለው ወንበር ሦስት ጊዜ ተለመኑ። ቅዳሜ ጠዋት የወልዲያው አውቶቡስ በሰዓቱ አለፈ። ሻንጣውን ማን እንደፈታው ሶልያና አልጠየቀችም፤ ማታ ስታይ ባዶውን ቁምሳጥኑ ላይ ነበር።

ያፌት መጀመሪያ ላይ አልወደደውም። ቤቱ አውቶቡስ ተራ መሰለ አለ። እውነቱን ነው፤ በምሳ ሰዓት ድምፁ ሠላሳ ስምንት ዴሲቤል ይደርስ ነበር፤ ሶልያና ለክታዋለች። አንድ ምሽት ብርቱካን ልጣ ስትሰጠው ግን «አይ፣ ይበቃኛል» አለ፤ ብሎም አልሄደም፣ እዚያው ቆመ። እሷ ነገሩ እስኪገባት ድረስ ሁለት ክፋይ በላች። አቶ ሚኪያስ ከወንበራቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ባልሽን አስቸገርሽው» አሏት።

ገና አለፈ፤ ማንም ቀኑን አላነሳም። በጥር መጀመሪያ ቤቱ ከድርጅቱ የመጣ መልእክት አነበበላት። ባለፉት ሳምንታት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሁልጊዜ በእምቢታ፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ በእሺታ እንደሚያልቁ ተመዝግቧል። ጊዜና ድምፅ ለመቆጠብ ሁለቱን አስቀርቶ በቀጥታ ከሦስተኛው መጀመር ይቻላል። ይደረግልዎ?

«አይ» አለች ሶልያና።

«እሺ» አለ ቤቱ። ደግሞም አልጠየቃትም።

የጥምቀት ዕለት አቶ ሚኪያስ ነጭ ለብሰው መስታወት ፊት ቆሙ። ሶልያና በሩ ላይ ሆና ጠበቀቻቸው። የክፍሉ ሙቀት ሃያ ሁለት ዲግሪ ነበር። ከመጨረሻው ቀዳዳ ወዲያ በሚስማር የተበሳው ቀዳዳ ባዶውን ቀርቷል። ቀበቶው የታሰረው ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ነው።